ሰማያዊው ሳጥንና የግመሉ ጅማት

የካቲት 26፣ ሐሙስ

ረመዳን ተጋመሰ። ሙቀቱ ግን ገና መጀመሩ ነው። ከቀትር በኋላ የላቦራቶሪውን ግድግዳ በእጄ ነካሁት… እንደ ምጣድ።

ያለን ፍሪዘር አንድ ነው። በሩ ላይ በትልቁ «ምግብና መጠጥ ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ከውስጥ ሃያ ሦስት የውሃ ጠርሙስ ቆጠርኩ። እያንዳንዱ ላይ ስም አለ፣ አንዳንዱ ላይ ማዕረግም አለ። የዲኑ ከፊት ነው። ለእኔ ቦታ የለም። ድሬ ላይ የፍሪዘር ቦታ ከሥልጣን ይበልጣል፤ ሥልጣን እንኳን አንዳንዴ ይለቀቃል።

የጋሽ አየነው ሰማያዊ ሳጥን ብቻውን ግማሽ መደርደሪያ ይዟል። ጋሽ አየነው የላቦራቶሪያችን ቴክኒሻን ነው፤ ሥራ ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ። ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ አላህ ይወቅ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰበሰበው ኮተት ይሆናል። አውጥቼ ፍሪዘሩ አናት ላይ አስቀመጥኩት። በቦታው ጠርሙሴን አስገባሁ፣ ጻፍኩበት፦ «ናዲፋ፣ ለማፍጠሪያ»። ስወጣ እመልሰዋለሁ።

… ባጃጅ አገኘሁ ብዬ ሮጥኩ። ጠርሙሱን ረሳሁት። በሞቀ ውሃ አፈጠርኩ። ሳጥኑስ? ነገ።

የካቲት 27፣ ዓርብ

ሳጥኑ ቦታው ተመልሷል። ጠርሙሴ ከጎኑ በሥርዓት ቆሟል። ማን መለሰው? መላእክት ይሆናሉ። ጥያቄ አላበዛም።

ግንቦት 3፣ ሰኞ

ሁለት ወር አልጻፍኩም። ሴል ስመግብ ነበር። ከፍየል ጆሮ ቆዳ ያወጣኋቸው ሴሎች ከአራስ ልጅ ይብሳሉ። በየሁለት ቀኑ ምግብ ይቀየርላቸዋል፣ ሙቀታቸው ይጠበቃል፣ ምስጋና የለም።

የምኖረው ኤዶ ዐስሊ ጋ ነው፤ የአባቴ እህት። ቀፊራ ገበያ የግመል ሥጋ ትሸጣለች። ዛሬ ቁርስ ላይ አፋጠጠችኝ።

«ነያ ናዲፋ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንድን ነው የምትማሪው?»

«ሴል እንዴት እንደሚጣበቅ።»

«ምን ላይ?»

«ከሴሉ ውጪ መረብ አለ ኤዶ። ከፕሮቲን የተሠራ። ሴሉ ደግሞ ገላው ላይ ትንንሽ እጆች አሉት። መረቡን ሲጨብጥ ውስጡ ያሉት ክሮች ወደ እጁ ይሰበሰቡና ይወጠራሉ። ያኔ ይዘረጋል፣ ቅርፅ ያገኛል፣ መንቀሳቀስ ይጀምራል።»

«ካልጨበጠስ?»

«ድቡልቡል እንዳለ ይቀራል። ከቆየ ራሱን ይገድላል።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ወላሂ ይሄን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም።»

ዛሬ ዋናው ሙከራ ተጀመረ። ፋይብሮኔክቲን የሚባለውን የመረብ ፕሮቲን ከውጭ አዘን ሰባት ወር ጠበቅን። መጣ ሲባል አንዲት ብልቃጥ፣ ከጥፍሬ የምትበልጥ አይደለችም። ጥር ላይ እንዲያስቀምጥልኝ ለጋሽ አየነው ሰጥቼው ነበር። ዛሬ ከሰማያዊ ሳጥኑ አውጥቶ ሰጠኝ። «ከጠርሙሶቹ ጋር እንዳትጋፋ ብዬ ነው እዚህ ያስገባኋት» አለ። ፊቴን አላየም። ምን ሆኖ ነው?

ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። ሳህኑን በፕሮቲኑ ቀባ፣ ሴሎቹን አፍስስ፣ ጠብቅ። ሴሎቹ የሚመገቡት የደም ውሃ፣ ሴረም፣ አይጨመርም። ሴረም ውስጥ ራሱ የሚያጣብቁ ፕሮቲኖች ስላሉ፣ ሴሎቹን ያጣበቃቸው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ጥናቴ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ሦስተኛ የለም። ውጤት ሰኔ 12 ይገባል፣ ዲፌንስ ሰኔ 15። ካልደረስኩ ከፕሮግራሙ እሰረዛለሁ። ሁለት ዓመት ባዶ።

ከሦስት ሰዓት በኋላ በማይክሮስኮፕ አየሁ። ድቡልቡል። ሁሉም! ሳህኑን ትንሽ ነቅነቅ ሳደርገው ይንሳፈፋሉ… እንደ ስብሰባ ተሳታፊ። ብዙ ናቸው፣ አንዱም ምንም አልያዘም።

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

ደገምኩት። ያው ነው።

ዶክተር ዐብዲራዛቅ መጣ። አማካሪዬ ነው፤ ሲናደድ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው። ብልቃጧን ወደ መስኮቱ አነሳት። ውስጧ ነጭ ክር ይዋኛል።

«ይሄ ቀልጧል» አለ፣ በሹክሹክታ። «ቀልጦ፣ ሙቀት ላይ አድሮ፣ ተመልሶ ቀዝቅዟል። ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ተቆላልፏል። ሴል የሚጨብጠው ነገር የለውም።»

«መብራት ሄዶ ይሆን?»

«ፍሪዘሩ ጄኔሬተር ላይ ነው። መዝገቡን አየሁ። ከጥር ወዲህ አልጠፋም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ሰው ነው።»

ሰው። ግን ማን?

ግንቦት 6፣ ሐሙስ

አንድ ቀዳዳ አለ። ጥፋቱ ከተማሪዋ ውጪ ከሆነ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴው አንድ ሴሚስተር ሊጨምርልኝ ይችላል። ፎርም አለው። ፎርሙ ላይ «የጥፋተኛው ስም» የሚል መስመር አለ። መስመሩ ረጅም ነው፤ እስከ አያት ይይዛል።

ጋሽ አየነውን ብርጭቆ ሲያጥብ አገኘሁት።

«ጋሽ አየነው፣ ብልቃጧ የነበረችው ያንተ ሳጥን ውስጥ ነው።»

«አዎ።»

«ሳጥኑን ከፍሪዘር አውጥተህ አሳድረህ ታውቃለህ?»

«እኔ አላወጣሁም።»

«ታዲያ ማን አወጣው?»

አንዱን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አጠበው።

«ናዲፋ፣ ተይው።»

«እንዴት ነው የምተወው? ሁለት ዓመቴ ነው!»

«ተይው አልኩሽ አቦ!»

ንጹሕ ሰው ተይው ይላል? የሆነ ነገር ያውቃል። እርግጠኛ ነኝ፣ ያውቃል።

ግንቦት 10፣ ሰኞ

ደብዳቤውን አስገባሁ። አንድ ገጽ ተኩል። አማርኛዬ ራሴን አስፈራኝ። «የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ በተደጋጋሚ ባሳዩት ቸልተኝነት»… ተደጋጋሚው የቱ ነው? አንድም አላየሁም። ግን ደብዳቤ ያለ «በተደጋጋሚ» ቀላል ይሆናል፣ ንፋስ ይወስደዋል። ኮሚቴው ሰኔ 1 ይሰበሰባል።

አብሮኝ የሚማረው ዮኒስ ማምሻውን ነገረኝ። ጋሽ አየነው ጡረታው ደርሷል፤ የሚሠራው በዓመት ኮንትራት ነው። ኮንትራቱ በሰኔ ይታደሳል። ፋይሉ ላይ አንዲት ደብዳቤ ካለች አይታደስም።

«አታውቂም እንዴ?»

አላውቅም ነበር።

«ለምን ትጨነቂያለሽ? አንድ ጠብታ ሴረም ጣል አድርጊበት። ይጣበቃሉ፣ ፎቶ ታነሻለሽ፣ አለቀ። ማን ያያል?»

«ሴሎቹ።»

«ሴሎቹ አይመሰክሩም አቦ።»

ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን ሳስበው ነበር። እውነቱን ለመናገር እስከ እራት ድረስ አሰብኩት።

ግንቦት 13፣ ሐሙስ

ጋሽ አየነው ሰላም አይለኝም። ድሮ «ፍየሎቹ እንዴት አደሩ?» ይለኝ ነበር።

ግንቦት 17፣ ሰኞ

ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ቁራጭ ወረቀት። በእሱ የእጅ ጽሕፈት፦ «ጅማት። አሴቲክ አሲድ፣ ቀጭን። ፍሪጅ ውስጥ። አይፈላም!» ቃለ አጋኖዋ ሦስት ጊዜ ተደምቃለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ወደ ግድግዳው ዞሮ መለሰልኝ። «ኮላጅን። እሱም የመረብ ፕሮቲን ነው፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጅማት ማለት ኮላጅን ነው።»

«አንተ አውጥተህ ታውቃለህ?»

«አባቴ ምድር ባቡር እንጨት ክፍል ነበር። የፉርጎ ወንበር የሚያጣብቁበትን ሙጫ ከቆዳና ከጅማት ያፈሉ ነበር። ሲፈላ ክሩ ይበጣጠስና ሙጫ ይሆናል። አንቺ ሙጫውን አይደለም የምትፈልጊው፣ ክሩን ነው። በብርድ በአሲድ ካወጣሽው እንዳለ ይወጣል።»

በልቤ ደብዳቤዬን አስታወስኩ። «ለምን ትረዳኛለህ?»

«አንቺን ማን ረዳሽ? ሴሎቹ ምን አጠፉ?»

ግንቦት 19፣ ረቡዕ። ዒድ አል-አድሐ

ሰፈሩ ግመል ተጋርቶ አረደ። የኤዶ ዐስሊ ቢላዋ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው እየተሯሯጡ ሥጋ ያደርሳሉ። እኔ ከግመሉ እግር አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

«ኤዶ፣ ጅማቱን ለእኔ።»

«ጅማት?»

«የኋላ እግሩን። ረጅሙን።»

ለጎረቤቷ ለኦብሲዬ ጮኸችለት። «ዋሪያ ኦብሲዬ! ሰማህልኝ? ሰው በዒድ ጉበት ይጠይቃል፣ ሻኛ ይጠይቃል። የእኛ ምሁር ጅማት!»

ኦብሲዬም አላሳለፋትም። «ዩኒቨርሲቲ እንደዚህ ተርቧል እንዴ? ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩን፣ እናዋጣ ነበር!»

ኤዶ ሳቀች። ግን ጅማቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ስትሰጠኝ ድምፅዋ ሌላ ነበር። «በዚህ ይጨብጣሉ?»

«አላውቅም ኤዶ።»

«ግመል ነው። ይጨብጣሉ።»

ግንቦት 20፣ ሐሙስ

ዛሬ ምን ብዬ ልጻፍ?

የአሲዱን መጠን አምና የሆነ ቦታ ጽፌው ነበር። ይሄን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ግንቦት… የካቲት…

የካቲት 26።

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። «አውጥቼ ፍሪዘሩ አናት ላይ አስቀመጥኩት።» የእኔ ጽሕፈት። የእኔ ቀልድ። «ኮተት» ብያታለሁ፤ ሰባት ወር የጠበቅኳትን ብልቃጥ። ሰማያዊው ሳጥን ከቀትር እስከ ማግሥቱ ጠዋት፣ በድሬ ሙቀት፣ ፍሪዘሩ አናት ላይ… እኔ ቤት ተጋድሜ «ነገ» እላለሁ።

እንዴት ረሳሁት? ሳላስበው ስላደረግኩት ነዋ። ያላሰቡትን ነገር ምን ብለው ያስታውሱታል?

ገጿን ያዝኩ። ብትቀደድ አንድ ገጽ ናት። ይሄን ደብተር ከእኔ ሌላ የሚያነበው የለም። ደብዳቤው አለ፣ ኮሚቴው አለ፣ ማራዘሚያው አለ። የሚቀረው መቅደድ ብቻ ነው።

ጥጓን ሰንጠቅ አደረግኩ። እዚያ ላይ ቆምኩ። አሁንም ተሰንጥቃ አለች።

ግንቦት 23፣ እሑድ

ጅማቱን በምላጭ ከትፌ አሲድ ውስጥ ነክሬዋለሁ። ፍሪጅ ውስጥ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ አማስላለሁ። አብጧል፤ ጫፉ እንደ እንቁላል ነጭ መቅለጥ ጀምሯል።

አልነገርኩም። ዛሬ እሑድ ነው፣ ማን ይገኛል?

ግንቦት 27፣ ሐሙስ

ዛሬ እሑድ አይደለም። ጋሽ አየነው በአጠገቤ አራት ጊዜ አለፈ። አራት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንድ ጊዜ «ሴንትሪፉጁ ነፃ ነው?» አልኩ። ሦስት ጊዜ አዛጋሁ።

ግንቦት 29፣ ቅዳሜ

በጨርቅ አጣራሁት፣ ሴንትሪፉጁ አሽከርክሮ ዝቃጩን ለየልኝ። ጥርት ያለ፣ የሚሳብ ፈሳሽ። ዶክተር ዐብዲራዛቅ አየው። «መሞከሩ አይከፋም» አለ። «ግን ዋናው ሰኞ ነው። ኮሚቴው ማራዘሚያውን ከሰጠሽ አዲስ ፕሮቲን እናዛለን።»

ኮሚቴው ከሰጠኝ። ጋሽ አየነውን ከሰጠኋቸው ማለት ነው።

ሰኔ 1፣ ሰኞ

አምስት የኮሚቴ አባል፣ አምስት ቀዝቃዛ ውሃ። ከየትኛው ፍሪዘር እንደወጣ አልጠየቅኩም።

ጋሽ አየነው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ክራቫት አድርጎ። በድሬ፣ በሰኔ፣ ክራቫት! ለመባረር አምሮ የመጣ ሰው።

ሰብሳቢዋ ዶክተር ፊርዶስ ደብዳቤዬን ጮክ ብለው አነበቡ። «በተደጋጋሚ» ላይ ሲደርሱ ጋሽ አየነው ቀና ብሎ አየኝ። ተቆጥቶ እንኳን አይደለም። የቱን ነው የምትይው የሚል አስተያየት።

«የምትጨምሪው አለ?»

ተነሳሁ። ይሄን ደብተር አውጥቼ የካቲት 26ን አነበብኩላቸው። የዲኑን ጠርሙስ ዘልዬ። (ጀግንነትም ልክ አለው።)

ዶክተር ፊርዶስ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ሳጥኑን ያወጣሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ደብዳቤውን የጻፍሽውስ?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

ዶክተር ፊርዶስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማራዘሚያ የሚሰጠው ጥፋቱ ከተማሪዋ ውጪ ሲሆን ነው። ይሄኛው ጥፋት ከተማሪዋ ብዙም ርቆ አልሄደም።»

ደብዳቤው ተሰረዘ። ማራዘሚያው ተከለከለ። አሥራ አንድ ቀን ቀረኝ።

ጋሽ አየነው ኮሪደር ላይ ክራቫቱን እየፈታ ጠበቀኝ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«በማግሥቱ ጠዋት ስገባ ሳጥኑ ፍሪዘሩ አናት ላይ ነው። በቦታው ጠርሙስ። ስምሽ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ተጽፎበት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ ነበር። ስትገቢ ፊትሽ ገርጥቷል፣ ከንፈርሽ ደርቋል። ጾመኛ ናት፣ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ። ከዚያ ምናልባት ተርፋ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። እዚህ ላይ እኔም አጥፍቻለሁ።»

«ደብዳቤ ስጽፍብህስ?»

«ያኔማ ነደድኩ! እኔ ብናገር ሊያመልጥ ፈልጎ ነው ትያለሽ። ራሷ ትድረስበት አልኩ።» ክራቫቱን ኪሱ ከተተ። «ተደጋጋሚው ግን የቱ ነው?»

«የለም።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ነው ናዲፋ።»

ይቅርታ አልኩት። እሺ አላለኝም። «ሳህኖቹን ቀባሻቸው?» አለኝ።

ሰኔ 3፣ ረቡዕ

የመጀመሪያው ሙከራ። ሴሎቹ ሁሉ ሞቱ። አሲዱን ከሳህኑ በደንብ አላጠብኩትም። የቸኮልኩት እኔ፣ የሞቱት እነሱ።

የቀሩኝ ሴሎች ለአንድ ሙከራ ብቻ ይበቃሉ። እስኪባዙ አምስት ቀን። ከዚያ ወዲያ ትርፍ የለም።

ሰኔ 9፣ ማክሰኞ

ጋሽ አየነው የሐዋርያት ጾም ላይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም። ያም ሆኖ ሳህኖቹን አራት ጊዜ አብሮኝ አጠበ። «በጾም የግመል ጅማት ስነካካ ዋልኩ። የንስሐ አባቴ ጋ አንቺ ነሽ የምታስረጂልኝ» አለ።

ሁለት ዓይነት ሳህን። አንዱ በግመሉ ኮላጅን የተቀባ። ሌላው ለማነጻጸሪያ፣ ሴል በማይጨብጠው በአልቡሚን የተሸፈነ። ሴረም የለም። ሴሎቹን አራት ሰዓት ላይ አፈሰስኩ።

አራት ሰዓት ከሩብ፣ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ፍሪዘሩን እንጂ የሴሎቹን ማሞቂያ፣ ኢንኩቤተሩን፣ አያነሳም። (ጠርሙሶቹ ቅድሚያ አላቸው።) ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ያስፈልገኛል። ጋሽ አየነው ቴርሞሜትሩን መስኮቱ አጠገብ ሰቀለ፣ ጠበቀ፣ አነበበ።

«ሠላሳ ሰባት» አለ።

«ውስጡ?»

«ክፍሉ!»

ሳህኖቹን ጠረጴዛው ላይ ክዳናቸውን አሽገን ተውናቸው። በዓለም ላይ ከተማው ሁሉ ኢንኩቤተር የሆነለት ተማሪ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አምስት ሰዓት። መብራት መጣ። ማይክሮስኮፕ። ድቡልቡል… «ነቅነቅ አድርጊው» አለኝ ጋሽ አየነው። አደረግኩ። የአልቡሚኑ ተንሳፈፈ። የግመሉ… አልተንሳፈፈም። አንዱም።

ሰባት ሰዓት። አንዷ ሴል ጠርዟን ዘረጋች። ከጎኗ ሌላዋ። ከዚያ ሳህኑ ሙሉ፣ አንዷ እንደ ኮከብ፣ አንዷ እንደ ተወጠረ ቆዳ።

ጋሽ አየነው አየ። «ጨበጡ» አለ።

የሴሉን ገላ በሳሙና መሳይ ፈሳሽ አጥበን ውስጡን ሰማያዊ ቀለም ነከርነው፤ ኩማሲ ይባላል፣ ርካሽ ነው። ክሮቹ ብቻ ቀሩ። ከጥግ እስከ ጥግ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥረዋል። በአልቡሚኑ ሳህን ካሉት ጥቂቶቹን ለቅመን ነከርን። ክር የለም፣ የተሰበሰበ ጉድፍ ብቻ። ጫፉ የሚታሰርበት ካላገኘ ገመድ አይወጠርም።

ለኤዶ ደወልኩ። «ጨበጡ።» «ነግሬሽ ነበር» ብላ ዘጋችው። ደንበኛ ነበራት።

ሰኔ 15፣ ሰኞ

ዲፌንስ። ከሐረር የመጣው ፈታኝ «ኮላጅኑ ከየት ተገዛ?» አለ። «በዒድ የተሰጠኝ ነው» አልኩ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

አለፍኩ። ከማረሚያ ጋር፦ የመጀመሪያው ፕሮቲን እንዴት እንደተበላሸ በጥናቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። በማን እንደሆነም።

ጻፍኩት። «በተደጋጋሚ» አላልኩም። አንድ ጊዜ ነበር፤ በቅቷል።

ሰኔ 17፣ ረቡዕ

የጋሽ አየነው ኮንትራት ታደሰ። ፋይሉ ላይ ምንም አልተገኘም።

ዛሬ አርባ ዲግሪ ነው ይላሉ። ማረሚያውን ላሳትም ስሄድ ጠርሙሴን ይዤ ፍሪዘሩን ከፈትኩ። ሙሉ ነው። የዲኑ ከፊት። ሰማያዊው ሳጥን ግማሽ መደርደሪያ ይዟል።

ሄጄ ጠራሁት። «ጋሽ አየነው፣ እዚህ ሳጥን ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» በሁለት ዓመት ውስጥ ስጠይቀው የመጀመሪያዬ ነው።

አውጥቶ ከፈተልኝ። ትንንሽ ብልቃጦች፣ በመስመር። እያንዳንዳቸው ላይ የሰው ስም፣ የገቡበት ቀን። የዮኒስ። የኢክራን፤ ዘንድሮ የገባችው ልጅ። ከአሥር ዓመት በፊት የተመረቁ ሰዎች፣ ፊታቸውን የማላውቀው። የእሱ አንድም የለም።

«ጠርሙሶቹ ስለሚጋፉ ነው» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር። «የመጨረሻቸውን፣ ምትክ የሌለውን ያመጡልኛል። ካልያዝኩላቸው ይጠፋል። ያን ሌሊት ሙቀቱን ያልቻለችው ያንቺዋ ብቻ ናት።» ክዳኑን ገጠመው። «ምነው፣ ቦታ ፈልገሽ ነው?»

«አይ።»

ሳጥኑን መልሶ አስገባ። በሩን እኔ ዘጋሁለት። ጠርሙሴን ይዤ ወጣሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ጠጣሁት። እንደ ሻይ ሞቋል። ጨረስኩት።